ሳቡ፣ ሲትሮየኑና የጥር ሰርግ

ከመስከረም እስከ የካቲት 1969 ዓ.ም. እኔና የወንድሜ ልጅ አዜብ የተጻጻፍነው ይኸው ነው። የምጽፈውን ሁሉ በካርቦን ግልባጩን አስቀራለሁ፤ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የተሽከርካሪ መርማሪ ሆኜ ስሠራ የያዘኝ ልማድ ነው። አንባቢ እንዳይደናገር አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። የአዜብ አባት፣ ወንድሜ ዘውዱ እንግዳወርቅ፣ በ1967 ታስሮ በሐምሌ 1968 እስር ቤት ውስጥ በሕመም ሞተ። እኔ የሰማሁት በነሐሴ ነው። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያልፍ አንድ የድሮ ባልደረባዬ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ጎሕ ሲቀድ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ያለው ቤቴ መጣ፤ እንደ ወጉ ቁጭ አድርጎ አረዳኝ። አዜብ ሚኒያፖሊስ ትማር ነበር፤ ዘመድ አጠገቧ የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በደብዳቤም አይጻፍም። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ አግኝቼ ራሴ ሄጄ እስክነግራት ድረስ ለማንም እንዳይተነፍሱ ሦስቱንም አስማልኳቸው። ፈቃዱን ሳላገኝ የመጀመሪያው ደብዳቤዋ ቀደመኝ።

*

ሚኒያፖሊስ፣ መስከረም 20 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሣህሌ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። ዓመቱን የጤና ያድርግልዎ። ደም ግፊትዎ እንዴት ነው? መድኃኒቱን እየዋጡ ነው ወይስ እንደ አምናው «እኔ አውቃለሁ» ብለው ትተውታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የነርስነት ትምህርቴን በሰኔ እጨርሳለሁ።

ጋሼ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ለትልቅ ጉዳይ ነው። የማነ ስለሚባል ልጅ አምና በስልክ ነግሬዎት ነበር። ሴንት ፖል እርሻ ያጠናል፤ ዘንድሮ ይመረቃል። ልንጋባ አስበናል። ቀኑ ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ፣ ጥር 15 ነው። አርመኖች ቤተ ክርስቲያናቸውን ይፈቅዱልናል። አባቴም ሰርጉ በጥር ይሁን፣ «እኔን ብላ እንዳታቆይ» ብሏል። ስለዚህ በአባቴ ቦታ ቆመው እንዲድሩኝ ነው የምለምንዎ። ከእርስዎ ሌላ በዚህ አገር አባት የለኝም፤ እርስዎ ካልመጡ አልዳርም።

ስለ መኪናው መጠየቅዎ እንደማይቀር ስለማውቅ ከአሁኑ ልንገርዎ። የማነ የሚነዳው ሳብ 96 ነው፣ በፈረንጅ የ1966 ሞዴል፣ ቀለሙ የሰናፍጭ። ከፊት ሲያዩት ኤሊ፣ ከጎን ሲያዩት የተገለበጠ ማንካ ይመስላል። ግን በበረዶ ሌላው ሁሉ ቆሞ ሲቀር እሱ ይሄዳል።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ልጅዎ አዜብ

*

ሎስ አንጀለስ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1969 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዜብ ዘውዱ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናዬ ደህና ነው፤ መድኃኒቱንም እውጣለሁ። ይህ ጉዳይ በዚህ ተዘጋ።

ከመኪናው ልጀምር። ሳብ 96ን አውቀዋለሁ። አንድ የስዊድን ሐኪም አዲስ አበባ አምጥቶት በኔ እጅ ነው የተመረመረው። ሞተሩ ሦስት ሲሊንደር ነው፤ ዘይቱ እንደ ሞተር ብስክሌት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ድምፁ በርሜል ውስጥ የሚንከባለል ጠጠር ነው። በፊት ጎማው ስለሚጎትት ጭቃ ላይ ጎበዝ ነው፤ ይህን አልክድም። የኔም ሲትሮየን የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው። መልኩንም አልነቅፍም፤ የኔም መኪና መሳቂያ ነው። ጠዋት ሳስነሣው መጀመሪያ ከኋላው፣ ቀጥሎ ከፊቱ ብድግ ይላል። ግመል ሲነሣ አይተሽ እንደሆነ ልክ እንደዚያ። ከቤቴ ሥር ያለው የአይሁዶች ዳቦ ቤት ባለቤት በየጠዋቱ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያየዋል፤ ቅዳሜ ሱቁ ስለሚዘጋ ቀረብኝ ብሎ ያዝናል።

ጠቤ ከፍሪዊሉ ጋር ነው። በማንኛውም ጤነኛ መኪና እግርሽን ከቤንዚኑ ስታነሺ ሞተሩ ራሱ ይይዝሻል። ሳብ ግን እግርሽን ስታነሺ ሞተሩ ከጎማው ይላቀቅና መኪናው እንደ ብስክሌት በነፃ ይንደረደራል። ለምን እንደተሠራ እንዳታስረጂኝ፤ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር የሚመጣ ሞተር ቤንዚን ተዘግቶበት ቢሽከረከር ይደርቃል፣ ለዚያ ነው። ምክንያቱን ማወቄ ግን አያስደስተኝም። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ በፍሬኑ ብቻ የታመነ ሾፌር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ከገደሉ ሥር ወርጄ ሳይ የኖርኩ እኔ ነኝ። ፍሪዊሉን የሚዘጋ መያዣ አለው። የማነ ይዘጋዋል ወይስ ክፍት ይተወዋል? መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

ሰርጉን በተመለከተ፦ በአገራችን ሰርግ በጥር የሚደረገው እህል ስለሚገባና መንገድ ስለሚደርቅ ነው። ሚኒሶታ በጥር የትኛው እህል ይገባል? የትኛውስ መንገድ ይደርቃል? ወጉን የያዛችሁ መስሏችሁ ወጉ የተሠራበትን ምክንያት ጥላችኋል። በበረዶ መካከል ሰው ሰብስቦ ማጋባት የሚያስበው የኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ይቆይ። ከፋሲካ በኋላ፣ የተሻለ ደግሞ በሚመጣው ዓመት ጥቅምት።

ስለ አባትሽ አዲስ የሰማሽው ካለ ጻፊልኝ። እኔ የሰማሁት የለም። ደህና ነው ይላሉ።

አጎትሽ ሣህሌ እንግዳወርቅ

*

ሚኒያፖሊስ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሣህሌ፣

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ ለኔ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ለየማነ። ጆሮው ቀላ። ስለ ጤናዎ የጻፉት አንድ መስመር ስለ ፍሪዊል ከጻፉት ጋር ሲመዘን ትንሽ አንሶብኛል፤ ግን እግዚአብሔር ይጠብቅዎ።

የማነ በጽሑፍ እንዲመልስ ባዘዙት መሠረት መልሱ ይኸው፦ «ክፍት እተወዋለሁ።» ምክንያቱንም ጨምሯል። በረጋ በረዶ ላይ ሰው ድንገት እግሩን ከቤንዚን ሲያነሣ ሞተሩ የፊት ጎማዎቹን ይይዛቸዋል፤ የተያዘ ጎማ ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። ፍሪዊሉ ክፍት ሲሆን ጎማዎቹ በነፃ ይሽከረከራሉ፤ መኪናውም ወደተመራበት ይሄዳል። «ጋሼ የሚሉት ለጣርማበር ትክክል ነው፤ ሚኒሶታ ግን ገደል የለውም» ይላል። እኔም የምመሰክረው ነው። ካለሁበት እስከ ትምህርት ቤቴ ድረስ ያለው ቁልቁለት የወንዙ ድልድይ ጋ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ልጆች በሣጥን ክዳን የሚንሸራተቱበት ነው።

ጋሼ፣ ቀኑን አናነሣውም። አባቴ በጥር ብሏል። እርስዎን ማስቸገር ስለማልፈልግ የማነ በወጉ መሠረት ሽማግሌ ይልካል። እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትዉድ የሚማሩ ልጆች ያውቃል። እባክዎ በደህና ይቀበሏቸው። ከእርስዎም ጋር በአካል የምንነጋገረው ጉዳይ አለኝ፤ በስልክ የሚሆን አይደለም።

አባቴን በተመለከተ እኔም አዲስ የሰማሁት የለም። ደህና ነው ይላሉ።

ልጅዎ አዜብ

*

ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 9 ቀን 1969 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዜብ፣

የኅዳር ጽዮን በረከት ቀድማ ትድረስሽ። ሽማግሌዎችሽ መጡ።

እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሦስት ልጆች፤ ሦስቱም በጥቁር ሱፍና በጥቁር ከረባት። ለባንክ ሥራ ሊፈተኑ የመጡ ነው የሚመስሉት። የሦስቱ ዕድሜ ቢደመር አንድ ደህና ሽማግሌ ይወጣዋል። ትልቁ አምደሚካኤል ይባላል፤ ቀን ዌስትዉድ ይማራል፣ ማታ ሆሊውድ አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ያቆማል።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ» አለኝ ገና ሳይገባ።

«በማን ቤት ነው ቁጭ በል የምትለኝ?»

«አይ… ለጤናዎ ብለን ነው።»

«ጤናዬን ማን ጠየቀህ? ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ነው የሚናገረው። ተናገር።»

ሦስቱም ተያዩ። አንዱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ለምን እንደዚያ እንደደነገጡ እስካሁን አልገባኝም። አምደሚካኤል ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፦ «ሶ ጋሼ፣ የመጣነው ስለ የማነ ነው። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን…»

«ልጃችሁ? ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ስምንት።»

«የማነስ?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«እንግዲህ አባቱን ወክሎ የመጣ ታናሹ ነው። ቀጥል።»

«በጣም ጎበዝ ልጅ ነው ጋሼ። ስኖው ላይ ድራይቭ ሲያደርግ ማንም አይደርስበትም።»

«ሲነዳ በል። የሚነዳው ምንድን ነው?»

«ሳብ ነው፤ ግን ኦኬ ነው፣ እኛ ሆቴል እንኳ አንድ ጊዜ አንዱ ፓርክ አድርጎ…»

«ሲሄድ ፍሪዊሉን ይዘጋል?»

ሦስተኛው፣ ከገባ አንድ ቃል ያልተናገረው፣ «የቤቱን በር ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከዳቦ ቤቱ ያመጣሁትን ዳቦ አቀረብኩላቸው፤ ይህ ዝምተኛው ልጅ ብቻውን ግማሹን ጨረሰው። እኔ በመስኮት እያየሁ ነበር። መኪናቸውን ያቆሙት የእሳት አደጋ ውኃ መክፈቻው አጠገብ ነው። ትራፊኩ መጣ፣ ጻፈ፣ መስታወቱ ላይ ሰካ፣ ሄደ። አልነገርኳቸውም። መኪና ማቆም ሥራው የሆነ ሰው የት እንደሚያቆም እኔ ልነግረው አይገባም።

መልሴ እንደ ወጉ «አስብበታለሁ» ነው። በአንድ ቃል ልጅ የሚሰጥ የለም። ሌላ ጊዜ ይመለሱ። ሲወጡ ግን አምደሚካኤል ሲትሮየኑን አይቶ ደርቆ ቀረ፤ «ጋሼ፣ ይሄን አንድ ቀን ብቻ ባቆመው!» አለኝ። ዓይን አለው። ለዚህ ስል ሌላውን ይቅር ብዬዋለሁ።

የፍሪዊሉን መልስ አነበብኩ። የማነ ያለው ስህተት ነው አልልም፤ ያልተሟላ ነው። ሜዳ ላይ የለመደ እግር ቁልቁለት ሲገጥመው አይለወጥም። የባትሪውን ገመድ በየሳምንቱ ያጥብቅ፤ የኋላ ሣጥኑ ውስጥ አሸዋ ይያዝ፤ ፍሬን በቀስታ ደጋግሞ ይርገጥ እንጂ አንዴ አይረግጥ። ጎማውም በረዶ የሚቧጥጥ ሹል ብረት የተተከለበት ይሁን።

ቀኑ ግን ይቆይ እላለሁ።

ሣህሌ

*

ሚኒያፖሊስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሣህሌ፣

በጾሙ ደህና ሰንብተዋል? ሳልጽፍ የቆየሁት ፈተና ላይ ስለነበርኩ ነው። በዚያ ላይ ብርዱ ዘንድሮ ጉድ ነው፤ የአገሩ ሰዎች እንኳ እንዲህ ያለ አላየንም ይላሉ።

ምክርዎን ሁሉ ለየማነ አነበብኩለት። አሸዋው አለ። ሹል ብረት የተተከለበት ጎማ በዚህ ክፍለ ሀገር ተከልክሏል፤ አስፋልት ያበላሻል ብለው ነው። ፍሬኑን ትክክል ብለዋል። ግን ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ በረዶ ላይ ነድተው ያውቃሉ? እኔ ሦስተኛ ክረምቴ ነው፤ መንጃ ፈቃዴንም ያወጣሁት እዚሁ በበረዶ ነው። ሊመጡ ቢሆን ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

እዚህ መኪና ሌሊት እንደ ሬዲዮ በኤሌክትሪክ ይሰካል። የሞተሩ ጎን ላይ ማሞቂያ አለ፤ ገመዱ በአፍንጫው በኩል ወጥቶ ተንጠልጥሎ ያያሉ። ካልተሰካ ጠዋት ዘይቱ እንደ ማር ይሆናል። ሲነሡ በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ በአንደኛ ጎማው ባለበት ይዞራል። መኪናው በኋላው ወደ ቀኝ ቢሄድ መሪውን ወደ ቀኝ ነው የሚያዞሩት፤ ልብ ወደ ግራ ይላል፣ እጅ ግን ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማታ ሲያቆሙ የማቆሚያ ፍሬኑን አይያዙ። ማርሽ ውስጥ ብቻ ይተዉት። እርጥበት ገብቶበት ሌሊት ይቀዘቅዝና ጠዋት አይለቅም።

አምደሚካኤል እንደገና ሊመጣ ነው፤ በዚህኛው «እሺ» ይበሉት። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ የምለምንዎ ለሰርጉ ብቻ አይደለም። እዚያ ብቻዎን ነዎት። አንድ ሳምንት እንኳ በሰው መካከል እንዲሆኑ ፈልጌ ነው። ከእትዬ ኤልፍነሽ ከአዲስ አበባ የመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ለእርስዎስ?

ልጅዎ አዜብ

*

ሎስ አንጀለስ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1969 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዜብ፣

ብርዱ እንደማይነካሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ለኔም እህቴ ኤልፍነሽ ሁሉም ደህና ነው ብላለች።

የማቆሚያ ፍሬን ሳይይዝ መኪናውን ትቶ የሚሄድ ሰው መንጃ ፈቃዱ መነጠቅ አለበት። ይህን አዲስ አበባ በነበርኩበት ጊዜ በጽሑፍ አውጥቼዋለሁ። እንጦጦ መንገድ ላይ እየተንከባለለ ሱቅ ውስጥ የገባ ስንት ኦፔል፣ ስንት ፊያት በእጄ አልፏል። ማርሽ ይስታል፤ ፍሬን አይስትም። በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም።

መኪና በኤሌክትሪክ ይሰካል ያልሽውን መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ግሌንዴል መሥሪያ ቤቴ ያለ የሰሜን ዳኮታ ሰው እውነት ነው ብሎኛል። ይህን ተቀብያለሁ።

አምደሚካኤል ተመልሶ መጣ። በዚህኛው መኪናውን ሦስት መንገድ አርቆ አቁሞ በእግሩ ነው የመጣው። ስለ ፍሪዊልም አጥንቶ መጥቷል፤ ቆሞ እንደ ዳዊት ደገመልኝ። ምን ልበለው? ቀኑን ብትቀይሪው ብዬ ነበር። «አልዳርም» ካልሽ ግን የሙሽራ ቤት ያለ ሰው አይቀርም። እመጣለሁ። ለመሥሪያ ቤቴ ነግሬ ፈቃድ ወስጃለሁ።

የምመጣው በአውሮፕላን አይደለም፤ በመኪናዬ ነው። በመንገድ የማስበው አለኝ። አታከራክሪኝ።

ሣህሌ

*

ሚኒያፖሊስ፣ ጥር 2 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሣህሌ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። እመጣለሁ ያሉበትን መስመር ስንቴ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ። ግን ጋሼ፣ በመኪና! ዛሬ እዚህ ትንፋሽ ከአፍ ሲወጣ ድምፅ አለው። እባክዎ በአውሮፕላን ይምጡ፤ ሲትሮየኑን ለአምደሚካኤል አደራ ይስጡት፤ በደስታ ያብዳል።

እምቢ ካሉ በዋዮሚንግ በኩል አይምጡ፤ ንፋሱ መንገድ ያዘጋል። በደቡብ ዞረው ኔብራስካ ላይ ይግቡ። ብርድ ልብስና ሻማ ይያዙ። መድኃኒትዎን በኪስዎ ይያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ አይሁን። የማቆሚያ ፍሬኑን አይያዙ። ይህን ዳግመኛ የጻፍኩት ስላልሰሙኝ ነው።

ልጅዎ አዜብ

*

ኔብራስካ፣ ጥር 12 ቀን 1969 ዓ.ም. (ፖስት ካርድ)

አዜብ፣

እስካሁን በደህና መጥቻለሁ። ትናንት በጥምቀት ቀን ቀኑን ሙሉ ነዳሁ፤ ውኃ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ነው ያየሁት። የማቆሚያ ፍሬኑ ሌሊት በረዶ ይዞት እስከ ረፋድ አለቀቀም። የቤንዚን ማደያው ሰው በሙቅ አየር አስለቀቀልኝ። «ፍሬን ይዘህ አደርክ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ በተለይ ለየማነ።

ሣህሌ

*

ይህ ካርድ የደረሰው እኔ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ከፖስታ ሣጥኑ ያወጣውና መጀመሪያ ያነበበው የማነ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ማናችንም በደብዳቤ አልጻፍነውም፤ ሁለታችንም እዚያው ነበርንና። ስለዚህ እዚህ ላይ አስገባዋለሁ።

ሚኒያፖሊስ የገባሁት ዓርብ ማታ ነው። አራት ቀን ሙሉ መሪ ይዤ አስቤበታለሁ። እውነቱን ደብቄ በአባቷ ቦታ ብቆም ወንድሜን የሰረቅሁት ያህል ነው፤ ብነግራት ደግሞ ሰርጓን የምገድል እኔ ነኝ። ካመነታሁ በኋላ ቆረጥኩ፤ ልጅቷ ማወቅ አለባት፤ ከዚያ በኋላ ሰርጉ ይሁን አይሁን ራሷ ትወስን። ከሎስ አንጀለስ ከመነሣቴ በፊት ለአምደሚካኤል፣ «ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ጥቂት ትልልቅ ሰዎች አዜብ ቤት ይገኙ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ» ብዬው ነበር። «ተጠርተዋል ጋሼ» አለኝ፣ ወዲያው። ቀልጣፋ ልጅ ነው ብዬ አደነቅሁት።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ጥቁር ከረባቴን አስሬ ከተኛሁበት ክፍል ወጣሁ። ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። ከቺካጎ የመጡ አንዲት እናት፣ የየማነ ጓደኞች፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰው ግድግዳ ግድግዳውን ተቀምጠዋል። አዜብ መካከል ላይ ቆማለች። እሷም ጥቁር ለብሳለች። ለሷ ማን ልበሺ አላት ብዬ አሰብኩ።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ።

«አንቺ ቁጭ በይ።»

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«አዜብ፣ ነገር አታብዢ። ቁጭ በይ ስልሽ ቁጭ በይ!»

«እባክዎ ጋሼ፣ ለደም ግፊትዎ…»

የማነ በመካከላችን ወንበር ይዞ ቆሟል፤ ለማን እንደሚሰጥ አላወቀም። አንድ ጊዜ ወደኔ፣ አንድ ጊዜ ወደሷ ይገፋዋል። ፊቷን አየሁ። እሷም የኔን ከረባት አየች።

«መቼ ሰማሽ?» አልኳት።

«በነሐሴ። እርስዎስ?»

«በነሐሴ።»

ከዚያ በኋላ የተቀመጠ አልነበረም።

«እኔን ብላ እንዳታቆይ» የሚለው ቃል ወንድሜ ሊሞት ሲል አብሮት ለታሰረ ሰው የተናገረው ነው። የቺካጎዋ ሴት በነሐሴ ከመርዶው ጋር ለአዜብ ይዘውላት መጡ። አዜብ አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ የመጀመሪያ ሐሳቧ እኔ ነበርኩ፤ ብቻውን ነው፣ ደም ግፊት አለበት፣ ከሌላ ሳይሰማ በሰው መካከል ይንገሩት ብላ የሚያውቁትን ሁሉ አስምላ ኖሯል። ዌስትዉዶቹ ልጆች «ቁጭ ይበሉ» ያሉኝም ሊነግሩኝ ተልከው ነው፤ ቆሜ ስጮህባቸው ፈርተው ወደ ጋብቻው ዞሩ።

ቀኑን ሙሉ አለቀስን። እሑድ አጋባናቸው። በወንድሜ ቦታ ቆምኩ፤ ጉልበቴን ሲስሙ የመረቅሁት በሱ ስም ነው።

*

ሚኒያፖሊስ፣ የካቲት 1 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሼ ሣህሌ፣

ቤትዎ በሰላም መግባትዎን ከአምደሚካኤል ሰምተን ተመስገን አልን። ሲትሮየኑን አጥቦ እንዳቆመልዎና ሌላ ሰው እንዳይነካው አጠገቡ ቆሞ እንደዋለ ነገረን።

እኛ ደህና ነን። ብርዱ ትንሽ ረገብ ብሏል። የማነ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ይላል፤ እሱ ራሱ ይፈራዎታል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በወንዙ ቁልቁለት ላይ ፍሪዊሉን እንደዘጋ አይተዋል ወይ? ከኋላ ወንበር ስለነበሩ ያላዩት መስሎት ሁለት ሳምንት ሙሉ ያወራል። ካርድዎን ግን ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ አውርደው ብዬው አላወረደውም።

መድኃኒትዎን ይዋጡ። ዓመቱን ጨርሰን በሐምሌ የአባቴን ተዝካር አብረን እናድርግ።

ልጅዎ አዜብ

*

ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 14 ቀን 1969 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጆቼ ለአዜብና ለየማነ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ ዘንቦ መኪናው ታጥቧል፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት አንድ ወር ቀረብኝ ብሎ ሲነሣ ሊያይ በር ድረስ ወጣ።

የማነ፣ አይቻለሁ። ቁልቁለቱ ጫፍ ስትደርስ ጎንበስ ብለህ መያዣውን ነካህ፤ በመስታወቱም ወደኔ አየህ። ስህተት ነው የሠራኸው። ከሥሩ ያለው የረጋ በረዶ ነበር፤ ሞተሩ የፊት ጎማዎቹን ሲይዛቸው መሪው ለቅጽበት ባዶ ሲሆን ወንበሩ ላይ ሆኜ ተሰምቶኛል። አንተ ራስህ በጥቅምት የጻፍከው ነው ትክክሉ። እኔን ለማስደሰት ብለህ ትክክል መሆኑን የምታውቀውን ነገር ተውክ፤ ከኋላህ ሚስትህ ተቀምጣ። ከእንግዲህ በረዶ ላይ ክፍት ይሁን። ጣርማበር ስትደርስ እነግርሃለሁ።

አዜብ፣ ይህ ላንቺም ነው። ነሐሴ ውስጥ ሁለታችንም ለየብቻችን አለቀስን፤ አንቺ ለኔ ብለሽ፣ እኔ ላንቺ ብዬ። አራት ወር ሙሉ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ስንጻጻፍ ወንድሜን በስሙ ጠርቼ ላወራው የምችለው ሰው ነበረኝ፤ አላወቅሁም። ወጉ መልካም ነው፤ አጠገብ ላለ ሰው ነው የተሠራው።

ስለዚህ እናቴም ብትሆን፣ እህቴም ብትሆን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ክፉ ወሬ የሰማሽ ዕለት ጻፊልኝ፤ ብትችዪ ደውዪልኝ። ሰው አትሰብስቢ። ቁጭ ማለት ለብቻዬ እችላለሁ።

አባታችሁ ሣህሌ